ለአንዲት የሐር ትል እንቁላል፦ ከሮዘተንቪል እስከ ካትሌሆንግ

ቅዳሜ ጠዋት 1፡15፣ ሮዘተንቪል

ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ አራት ነገሮች ነበሩ፦ አንድ የድሮ የፊልም ካሜራ፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚያነሳ አንድ ጥቅል ፊልም፣ ማስታወሻ ደብተሬና በካልሲ የጠቀለልኩት አምስት መቶ ራንድ፤ የታክሲና የምግቡ ለብቻው ኪሴ ውስጥ ነው። የጉዞው ዓላማ በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ተጽፏል፦ «ለዚህ ካሜራ በጣም ትንንሽ ነገሮችን አቅርቦ የሚያነሳ፣ ኪስ የማይጎዳ ዕቃ መርጦ መግዛት፤ ሳይመሽ ካትሌሆንግ ደርሶ ፎቶውን ማንሳት።» ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በሳምንቱ ቀናት ሮዘተንቪል ውስጥ በአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። እሑድ ደግሞ ከቸርች በኋላ የአበሻ ልጆችን ሰብስቤ አማርኛ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ከእነዚህ ልጆች አንዷ የአሥራ አንድ ዓመቷ ምህረት ናት። አባቷ ጋሽ ዲላሞ ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ ሲሆን ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ አላቸው። ስፓዛ ማለት ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራ ትንሽ ሱቅ ነው፤ ሻጩ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ዳቦውንም ስኳሩንም በቀዳዳው ያቀብላል።

እዚህ አገር ጸደይ ሲመጣ ብዙ ልጆች የሐር ትል በጫማ ካርቶን ያረባሉ። ትሎቹ የመልበሪ ዛፍ ቅጠል በልተው ያድጋሉ፣ ክር ፈትለው ይጠቀለላሉ፣ የእሳት ራት ሆነው ይወጡና ወረቀት ላይ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። እንቁላሉን ደግሞ ልጆቹ ዛፉ እንደገና እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ከነወረቀቱ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩታል፤ ቅዝቃዜው እንዳይፈለፈል ይይዘዋል። ምህረትም ከጎረቤት ልጆች ተምራ ይህንኑ አደረገች። ችግሩ፣ ወረቀቱን ያስቀመጠችው የሱቁ የለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

ከዘጠኝ ቀን በፊት ጋሽ ዲላሞ ወረቀቱን አገኙት። ከነገ ወዲያ ሰኞ የጤና ኢንስፔክተሮች በሰፈሩ ያሉትን ስፓዛዎች እንደሚያዩ ሰምተው ስለነበር ደነገጡ። ከፍሪጁ አውጥተው አናቱ ላይ ወረወሩትና ደወሉልኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትቆጥር ነው ወይስ ትል እንድታረባ?»

ነጠብጣቦቹ ቆሻሻ ሳይሆኑ ሕይወት ያላቸው እንቁላሎች መሆናቸውን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ምህረትም ከስልክ ላይ ቪዲዮ አሳየቻቸው። «በስልክ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ትናንት ዝሆን ሲበር አሳይተውኛል» አሉ። ከዚያ ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። ወረቀቱ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ ማለትም ዛሬ፣ ማታ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ምህረትም ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሱቅ ታግዛለች እንጂ ክፍል አትመጣም። «ነፍስ ያለው ነገር መሆኑን በዓይኔ ካየሁ ግን ሌላ ነገር ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እኔ ያንን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይዤ ነው የተነሳሁት። የስልክ ምስል ካላመኑ የፊልም ፎቶ ያምናሉ አልኩ። ፊልም በእጅ ይያዛል፣ በብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል።

ጥግ ላይ ቆሜ ጠቋሚ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ይህ ምልክት ለታክሲ ሾፌሮች «ወደ ከተማ» ማለት ነው። ሦስተኛው ታክሲ ቆመ። ከኋላ ወንበር ተጨናንቄ ደብተሬን ዘረጋሁ። ደስታዬ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እንደሚገባ ልጅ ነበር።

2፡30፣ ከጀፕስታውን ወዲህ፣ የጅምላ መደብሮቹ ሰፈር

አንባቢ እንዲከተለኝ ትንሽ ላብራራ። የእኔ ካሜራ ሌንስ ከአንድ ክንድ ያነሰ ርቀት ላይ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት አይችልም። የሐር ትል እንቁላል ደግሞ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከአንድ ክንድ ርቀት ብትነሳ ፊልሙ ላይ አቧራ ነው የምትመስለው። ስለዚህ መቅረብ ያስፈልጋል። በርካሽ ለመቅረብ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ሌንሱ ፊት ላይ እንደ መነጽር የሚጠመድ የማቅረቢያ መስታወት ነው። ሁለተኛው፣ በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው፤ ውስጡ መስታወት የለም፣ ሥራው ሌንሱን ከፊልሙ ማራቅ ብቻ ነው፣ ሌንስ ከፊልም በራቀ ቁጥር ቅርብ ያለውን አጉልቶ ያያል። ሦስተኛው፣ ሌንሱን ገልብጦ ፊቱን ወደ ውስጥ የሚያስር ቀለበት ነው። ለካሜራው ተብሎ የተሠራ ልዩ የቅርብ ሌንስም አለ፤ ዋጋውን ሳይ ግን ገጹን ገለበጥኩት።

የእኛ ሰዎች መደብሮች በተደራረቡበት ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከድር የሚባል የስልጤ ልጅ የስልክ ሽፋን፣ ቀበቶና ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። የእህቱ ልጆች እሑድ ሳይሆን ማክሰኞ ከሰዓት ስለሚማሩልኝ ያውቀኛል።

«ቲቸር! ዛሬ ደግሞ ቾክ አለቀ?»

«የካሜራ ዕቃ ፈልጌ ነው» አልኩና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

«ለትል እንቁላል?» ቀበቶ የሚመርጡትን ሁለት ደንበኞች ዞሮ አየ። «ሰምታችኋል? እኛ ለዶሮ እንቁላል ስንሯሯጥ...» ተሳሳቁብኝ። ከዚያ ግን ዕቃ ክፍል ገብቶ አቧራ የለበሰች ሣጥን ይዞ ወጣ። «ይቺ ከስልክ ዕቃ ጋር ተቀላቅላ በኮንቴይነር መጣች። ሁለት ዓመት ሆናት፣ ምን እንደሆነች የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው።»

ሣጥኗ ውስጥ ሦስት የማቅረቢያ መስታወቶች ነበሩ! ጉልበታቸው አንድ፣ ሁለትና አራት ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ሲደራረቡ ይደመራሉ። ጠርዛቸው ላይ 55 የሚል ቁጥር አለ። ደብተሬን ከፈትኩ። የሌንሴን ቁጥር ከትናንት ጀምሮ ጽፌዋለሁ፦ 55።

«እርግጠኛ ነሽ? ካሜራሽን አውጪና ግጠሚው» አለ ከድር።

በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ደረጃው ላይ ሰው ይተራመሳል። እዚህ ሰፈር ሌባ ስለሚበዛ ስልክ እንኳ የሚወጣው ግድግዳ ተደግፎ ነው። «ደብተሬ አይሳሳትም» አልኩት። መቶ ሰማንያ ራንድ ከፍዬ ወጣሁ።

ከላይኛው ፎቅ ምግብ ቤት ገብቼ ጥግ ያዝኩ። ፍርፍር አዝዤ፣ ጠረጴዛው ስር ካሜራዬን አወጣሁ። መስታወቱን ሌንሱ ፊት ላይ አስጠጋሁት። አልገባም። ዞር አደረግሁት። የሕፃን ራስ ላይ የተደፋ የአባት ባርኔጣ ይመስል ተንቀዋለለ። ፍርፍሩ ቀርቦ ቀዘቀዘ።

ወርጄ ለከድር ስነግረው ቢስቅም አልጨከነብኝም። «ያዢው፤ ካልሆነ ማክሰኞ ትመልሺዋለሽ። ፎርድስበርግ ውስጥ ካሜራ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ሕንድ አለ፣ ሚስተር ናይዱ ይባላል። የሞተ ካሜራ ያስነሳል። እስከ ሰባት ሰዓት ነው የሚከፍተው። ሂጂ፣ ሩጪ!»

5፡20፣ ፎርድስበርግ

ሁለት ታክሲ ቀይሬ ደረስኩ። የሚስተር ናይዱ ሱቅ በልብስ ስፌትና በቅመም መደብር መካከል የተጣበቀች ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው ግንባራቸው ላይ ማጉያ መነጽር አስረዋል። ካሜራዬን ሳስቀምጥላቸው እንደ ጥንት ወዳጅ አነሱት፤ ችግሬን ስነግራቸው ሌንሱን ወደ መብራቱ አዞሩት።

«ሃምሳ አምስቱን ከየት አመጣሽው?»

«እዚህ ተጽፏል» አልኩ።

«እሱ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ነው። የአፉ ስፋት ይኸውልሽ።» በመርፌ ጫፍ ሌላ ቁጥር አሳዩኝ፤ ክብ በጭረት የተሰረዘበት ምልክት፣ ከጎኑ 49። «ይህን ስህተት የሚሠሩት የሚያነቡ ሰዎች ብቻ ናቸው። የማያነብ ሰው ዝም ብሎ ይሞክረዋል፣ እንቢ ሲለው ትቶት ይሄዳል። አስተማሪ ነሽ መሰለኝ?»

አልካድኩም። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ «ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም፣ የምን ቁጥር ነው ብላችሁ ጠይቁ» ብያለሁ! ይህን ደብተሬ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ሚስተር ናይዱ ምንም ከመሸጣቸው በፊት ሌንሱን ፈትተው ገልብጠው በእጃቸው ካሜራው አፍ ላይ ያዙት። «መጀመሪያ ነፃ የሆነውን ሞክሪ። እዪ።» አየሁ። በጠረጴዛው ላይ ያለው የአምስት ራንድ ሳንቲም ጥርሶቹ እንደ ድንጋይ ካብ ተነሱ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ታዲያ ይኼው ይበቃኛላ!»

«ለአንቺ ይበቃል። ሌላ ሰው ማሳየት ትፈልጊያለሽ አይደል? በእጅ የተያዘ ሌንስ ይንቀጠቀጣል። አንዴ አስተካክለሽ ትተሽው ዞር የምትይበት ነገር ነው የሚያስፈልግሽ።»

መስኮቱ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ጥቁር ማራዘሚያ ተቀምጧል፤ ዋጋው አንድ ሺህ አምስት መቶ። ዓይኔን አንስቼ ወደ ቱቦዎቹ መለስኩ። የእኔ ካሜራ ሌንሱ እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ እየተሽከረከረ የሚገባበት ዓይነት ነው። ለዚህ ዓይነት የተሠሩ ያገለገሉ ቱቦዎች ርካሽ ናቸው፤ ሦስቱ በሁለት መቶ ስድሳ ራንድ። ሦስቱ ሲገጣጠሙ እንቁላሏ ፊልሙ ላይ በእውነተኛ መጠኗ ልክ ታርፋለች። በማያ ቀዳዳው በኩል ለሚመለከት ሰው ደግሞ የምስር ፍሬ ታክላለች። የከድርን መስታወቶች ለመጠቀም ጠባቡን አፍ ከሰፊው የሚያገናኝ ቀለበት ከብስኩት ጣሳ ውስጥ ፈልገው በአርባ ራንድ ሰጡኝ። ያኔ ምስሏ ይበልጥ ትጎላለች።

«የብርሃን መለኪያው ሞቷል» አሉ ካሜራውን ሲመልሱ።

«አውቃለሁ፤ በስሌት ነው የምሠራው።» ስሌቱ ይኼ ነው፦ ቱቦው ሌንሱን ሲያርቅ ብርሃን ይሳሳል፤ በዚህ ርቀት ፊልሙ ላይ የሚደርሰው አንድ አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ለጠራ ፀሐይ ከሚሰጠው ብርሃን አራት እጥፍ መስጠት ያስፈልጋል። መስታወቶቹ ግን ብርሃን አይበሉም ማለት ይቻላል። ሚስተር ናይዱ ሰምተው «ልክ ነሽ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊልሙንም ራሳቸው አጎረሱልኝ።

7፡10፣ መንገድ ላይ

የካትሌሆንግ ታክሲ እስኪሞላ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ጉልበቷ ላይ ሁለት ጫጩት በካርቶን ይዛለች። መንገዱ በድሮዎቹ የወርቅ ማዕድን ቢጫ የአፈር ኮረብታዎች ሥር አልፎ ወደ ጀርሚስተን ይወርዳል። ዝናብ ገና ስላልጣለ ሣሩ ደረቅ ነው፤ ከየአጥሩ ላይ ግን አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ማለት ጀምሯል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ለስሌቴ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። እየደጋገምኩ ቱቦዎቹን በቦርሳዬ ጨርቅ ላይ እዳስሳለሁ።

8፡15፣ ካትሌሆንግ

ምህረት ከሩቅ አየችኝና ከፍርግርጉ ጀርባ እጇን አውለበለበች። «አባ፣ ቲቸር መጣች! ይዛ መጣች!»

ጋሽ ዲላሞ ለደንበኛ የስልክ ካርድና ዳቦ እየሸጡ ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ። ወረቀቱ ያውልሽ፣ አናቱ ላይ ነው። እስኪመሽ ድረስ የአንቺ ነው።»

«ጋሽ ዲላሞ፣ ዛሬ አነሳዋለሁ፤ ፎቶው ረቡዕ ይደርሳል...»

«ረቡዕ?» ዳቦ የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «ኢንስፔክተሩ ሰኞ፣ ማስረጃው ረቡዕ! እንዲህ ነው ሳይንስ የምታስተምሪያቸው?»

በደብተሬ ላይ ዋጋውን፣ ቁጥሩን፣ መንገዱን ሁሉ ጽፌ ፊልም የሚታጠብበትን ቀን ብቻ ረስቼዋለሁ። ምህረት አንዴ እኔን አንዴ አባቷን ታያለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ያኔ የሚስተር ናይዱ ቃል መጣልኝ፦ አስተካክለሽ ትተሽው ዞር የምትይበት።

«ረቡዕን ይተዉት» አልኩ። «አሁኑኑ በዓይንዎ ያያሉ። ግን ፀሐይ ያስፈልጋል። ወደ ውጭ መውጣት አለብዎት።»

«እኔ? በሥራ ሰዓት?»

የስፓዛ ኑሮን ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ጋሽ ዲላሞ ከማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ከዚያ ፍርግርግ ጀርባ ናቸው። ምህረት «እኔ እይዘዋለሁ አባ፣ ዋጋውን ሁሉ አውቀዋለሁ» አለችና ቦታቸውን ያዘች።

ውጭ ደጃፉ ላይ የለስላሳ ሣጥን ደፍቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ካሜራውን ሁለት የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይ አስተኛሁት። በቱቦ ሲሠራ ምስሉ የሚጠራው ቀለበት በማዞር ሳይሆን ካሜራውን ራሱን በማቅረብና በማራቅ ነው፤ እየገፋሁ፣ እየሳብኩ አስተካከልኩ። ከዚያ አየሁ። እንቁላሎቹ እንደጠበቅኩት ግራጫ አልነበሩም። ነጣ ብለዋል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ጥቁር ነጥብ አለ።

የብረት በሩ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ጋሽ ዲላሞ ወጡ። ወረፋ ላይ የነበሩት ደንበኞች ሲያዩዋቸው አንዷ አሮጊት፣ በሰፈሩ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ ተብለው የሚጠሩት፣ አጨበጨቡ።

«ሃይቦ! ማይ ፍሬንድ እግር አለው!» አሉ በመገረም፤ እዚህ የስፓዛ ሻጭን ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። «ሁለት ዓመት ዳቦ ስገዛ ከደረት በታች አይቼህ አላውቅም!» አለ አንድ ጎረምሳ። ጋሽ ዲላሞም እየሳቁ፣ በፀሐዩ ዓይናቸውን እያጠበቡ ጎንበስ አሉ።

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሌላውን ከማያ ቀዳዳው ጋር አጣበቁ።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ጭንቅላቱ ነው።»

«አንዱ... ቲቸር፣ አንዱ ይንቀሳቀሳል! ቅርፊቱን እየበላው ነው! እየወጣ ነው!» ከካሜራው ላይ ራሳቸውን አንስተው ወረቀቱን በባዶ ዓይን አዩት፤ ነጠብጣብ ብቻ። እንደገና ጎነበሱ። «ስልክም አይደለም ይሄ። መስታወት ብቻ ነው። አያለሁ እኮ!»

«ትናንት እንዲህ አልነበሩም» አለች ምህረት ከፍርግርጉ ውስጥ። «አባ፣ አንተ ነህ ያስነሳሃቸው።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

እዚህ ላይ እኔ ላብራራ። ፍሪጅ ከውስጥ ቢቀዘቅዝም ከላይና ከኋላ ሞተሩ ሙቀት ይተፋል። ጋሽ ዲላሞ ወረቀቱን ተቆጥተው አናቱ ላይ ሲወረውሩት ዘጠኝ ቀን ሙሉ አሞቁት። ፍሪጁ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር። ይህን ስነግራቸው ቀና ብለው ደንበኞቹን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት ልደብቀው አልችልም።

«እኔ ነኝ የፈለፈልኳቸው» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ለሰልፈኛው ሁሉ። «ኑ፣ ተራ ያዙ፣ እዩ። አትግፉ! ከረጢቱን አትንኩ!»

ጎጎ ተራቸው ደርሶ ሲያዩ በዙሉ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ምህረት ተረጎመችልን። ልጅ ሳሉ ሁልጊዜ ያረቡ ነበር፤ በአጥራቸው ላይ የመልበሪ ዛፍ አለ፣ ቅጠሉ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል። ሄደው ቅጠል ጨብጠው መጡ።

ጋሽ ዲላሞ ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ፍሪጅ ግን የሽያጭ ነው፣ ወደዚያ አይመለሱም» አሉ ለእኔ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእኔ የጫማ ካርቶን አለ። የምተኛበት ክፍል ይቀመጣሉ፣ ከምግብ ርቀው።»

«እሑድስ?» አልኩ። ቀኑን ሙሉ የያዝኩት ጥያቄ ነው።

ወደ ፍርግርጉ ዞሩ። ምህረት ለአንድ ሰው መልስ እየሰጠች ነው፤ ግን ጆሮዋ እዚህ ነው። «እሑድ ሱቁን እኔ እይዛለሁ። እሷ ትምጣ። የምታየውን ደግሞ በአማርኛ ትጻፈው፤ መቼ ወጡ፣ ስንት በሉ። ፊደል እንድትቆጥር አይደል የላክኋት?»

ምህረት ከውስጥ ዘለለች፤ ብስኩት የተደረደረበት መደርደሪያ ተንቀጠቀጠ።

12፡40፣ ሮዘተንቪል፣ ቤት

በሰልፈኞቹ ተራ መሃል እያነሳሁ ሠላሳ ስድስቱንም ፎቶ እንቁላልና ትል ላይ ጨረስኩት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አንዱን አስቀርቼ ነበር። ጋሽ ዲላሞ ሰልፉን ሲያስተባብሩ፣ ጎጎ ሲያጎነብሱ፣ ሁሉም ሲስቁ ካሜራውን ከከረጢቱ አንስቼ ወደ እነሱ አዞርኩት። ያየሁት የቀለም ጉም ብቻ ነው። ቱቦ የገባበት ካሜራ ከአንድ ስንዝር የራቀን ነገር አያይም፤ ይህን ለልጆች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ሦስቱን ቱቦዎች አንድ በአንድ ፈትቼ ሌንሱን እስክመልስ ድረስ በሩ ሦስት ጊዜ ጮኾ ጋሽ ዲላሞ ፍርግርጋቸው ጀርባ ተመልሰው ዳቦ እያቀበሉ ነበር።

ለማንም የምመክረው ግልጽ ነው፦ የድሮ ካሜራ ካላችሁ መጀመሪያ ሌንሱን ገልብጡት፣ ነፃ ነው። ከወደዳችሁት ቱቦ ግዙ። መስታወት የምትገዙ ከሆነ የሌንሱን አፍ እንጂ ደብተራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ፊልሙም የሚታጠብበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ።

የእንቁላሎቹ ፎቶዎች ረቡዕ ይደርሳሉ። ሠላሳ ስድስተኛው ግን ሳይነሳ ቀርቷል። ጋሽ ዲላሞ በጠራራ ፀሐይ፣ በሁለት እግራቸው፣ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ሲስቁ የሚያሳይ ፎቶ ግን የለኝም፤ ስለዚህ ከታክሲው ወርጄ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀምጬ ይህን ጻፍኩት።